ከሆቢተን እስከ ሞርዶር በካርታ መሪነት፦ የካረን ዊን ፎንስታድ «የመካከለኛው ምድር አትላስ» ለንባብ ቻሌንጅ

የንባብ ቡድናችን የያዘው ቻሌንጅ ደንቡ አጭር ነው፤ የጄ. አር. አር. ቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ»፣ ማለትም መካከለኛው ምድር በተባለ የምናብ ዓለም አንድ ክፉ ቀለበት ለማጥፋት ወደ ጠላት አገር ወደ ሞርዶር የሚጓዙትን ታሪክ፣ ከመንገደኞቹ እኩል እየሄዱ ማንበብ፣ እነርሱ ለአዳር ባረፉበት ማረፍ፣ ያደሩበትንም ቦታ በካርታ ላይ ሳያገኙ ወደሚቀጥለው ገጽ አለማለፍ። ደንቡን በተግባር ለማዋል ግን ከልቦለዱ ጋር የሚታተመው ካርታ ብቻውን አይበቃም። ያ ካርታ ተራሮችንና ወንዞችን፣ መንግሥታትንና ታላላቅ ከተሞችን አጥርቶ ያሳያል እንጂ ማን በየትኛው ሌሊት የት እንዳደረ አይናገርም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የያዝነው ካረን ዊን ፎንስታድ ያዘጋጁትን «የመካከለኛው ምድር አትላስ» ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አትላሱ ለእንዲህ ያለው ንባብ ምን ያህል እንደሚያገለግል መመዘን ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ልቦለዱን ቢያንስ አንድ ጊዜ አንብቦ ለጨረሰ ሰው ከዚህ የተሻለ የንባብ አጋዥ አላውቅም፤ ታሪኩን ገና ለሚጀምር ሰው ግን መጽሐፉን ገዝቶ እንዲያስቀምጠው እንጂ እንዲከፍተው አልመክርም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፎንስታድ በአሜሪካ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊን፣ በተለይም የካርታ ሥራን የተማሩ፣ በኋላም በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ የኖሩ ባለሙያ ነበሩ። አትላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በ1991 ጽሑፉ ተሻሽሎ፣ ከካርታዎቹም ሲሶ የሚጠጉት አዲስ ሆነው እንደገና ወጥቷል። እዚህ የምገመግመው ይህን ሁለተኛውን እትም ነው። ፎንስታድ ለሌሎች የምናብ ዓለማትም አትላሶችን ሠርተው በ2005 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥራቸውን ከሌሎች የምናብ ካርታዎች የሚለየው ጉዳይ፣ ልቦለዱን አንድ ጂኦግራፈር ከመስክ የመጣን ማስታወሻ በሚመረምርበት ዓይን መመርመራቸው ነው። ደራሲው «ወደ ግራ ታጠፉ»፣ «እስከ እኩለ ቀን ወጡ»፣ «ወንዙን በስተቀኝ አድርገው ተጓዙ» ያለበትን ቦታ ሁሉ እንደ ማስረጃ ወስደው፣ ማስረጃዎቹን ከቀኑና ከርቀቱ ጋር እያገናኙ መስመሩን ያሰምራሉ፤ ማስረጃው ሲጎድል ደግሞ ግምታቸውን ከምን ተነሥተው እንደገመቱ ከካርታው ጎን በጽሑፍ ያስረዳሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ የቻለው ግን ቶልኪን ራሳቸው ለርቀት የተጨነቁ ደራሲ ስለነበሩ ነው። በ1954 በጻፉት አንድ ደብዳቤ፣ ሥራውን ከካርታ እንደጀመሩና ታሪኩን ከካርታው ጋር እንዳስማሙት፣ ከዚህ በተቃራኒ መሄድም ግራ መጋባትን እንደሚያስከትል ገልጸዋል። በዚያው ዓመትና በ1955 በሦስት ቅጽ ለወጣው ልቦለድ ካርታውን ለኅትመት የሳሉት ልጃቸው ክሪስቶፈር ናቸው። በመጨረሻው ቅጽ ያለው አባሪ የጉዞውን ቀናት አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የፎንስታድ አትላስም የዚያን ዝርዝር ቀናት ከመሬቱ ጋር ያጋባ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ጉዞ ከሆቢተን መንደር የኤልፎች መኖሪያ እስከሆነው ሪቨንዴል ነው። ቀለበቱን የያዘው ፍሮዶ፣ ሆቢት ከሚባሉት ቁመተ አጭር ሕዝቦች አንዱ፣ ከቤቱ የሚወጣው መስከረም 13 ቀን ነው፤ በልቦለዱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 23 መሆኑ ነው። ሪቨንዴል አጠገብ ያለውን መልካ የሚሻገረው ኦክቶበር 20፣ ማለትም ጥቅምት 10 ገደማ ነው። ፎንስታድ ይህን መንገድ 458 ማይል ይሉታል፤ 737 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል እስከ ጎንደር ካለው የመኪና መንገድ ጋር ይቀራረባል። ይህን ርቀት በእግር፣ በአብዛኛው ከዋናው መንገድ እየሸሹ፣ ጫካና ረግረግ እያቋረጡ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የእግር መንገድን በቀን ጉዞ ሲለኩ የኖሩ ቤተሰቦች ልጅ የሆነ አንባቢ ሳይነገረው ይረዳዋል።

ቻሌንጁ ንባቤን ከሥር የለወጠው እዚህ መንገድ ላይ ነው። ኦክቶበር 6 ሌሊት ዌዘርቶፕ በተባለው ኮረብታ ላይ ፍሮዶ በጠላት ጩቤ ትከሻውን ይወጋል፤ የጩቤው ስባሪም በሰውነቱ ውስጥ ቀርቶ ወደ ልቡ መጓዝ ይጀምራል። በተለመደው ንባብ ከዚያ ሌሊት አንሥቶ መልካው እስኪደረስ ድረስ ያለው ምዕራፍ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነው፤ አንባቢው ቁስሉን ሳይረሳ መዳኛው ይደርስለታል። በቀን ልክ ሲነበብ ግን ቁስለኛው ለአሥራ አራት ቀናት መንገድ ላይ ነው። አትላሱ በተከፈተበት ገጽ ላይ የሰፈሩት የማደሪያ ምልክቶች ተቀራርበው ይታያሉ፤ ቀድሞ ሰፋ ሰፋ እያሉ ይሄዱ የነበሩት ምልክቶች ከዌዘርቶፕ በኋላ ለምን እንደጠበቡ ገባኝ፤ ፍሮዶ በፈረስ ጀርባ ላይ ነው፣ መሬቱ ተራራማ ነው፣ መንገድ መሪያቸው አራጎርንም ዋናውን መንገድ ፈርቶታል። ቶልኪን በጽሑፍ «መንገዱ አስቸጋሪ ሆነ» ካሉት ይልቅ እነዚያ የተጠጋጉ ምልክቶች የጉዞውን ድካም አሳዩኝ። አንዲት የቡድናችን አባል በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ወደፊት አንብባ ለመጨረስ ተፈትና እንደነበር፣ ነገር ግን ደንቡን በማክበሯ የመልካውን ትዕይንት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው እስኪመስላት ድረስ እንደነካት ነግራናለች።

ፎንስታድ የደራሲውን ስሕተት ሲያገኙ አይሸፋፍኑትም። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በዚሁ መንገድ ላይ ያሉት፣ ትሮል የሚባሉት ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግዙፍ ፍጥረታት ቦታ ነው። በ1937 በወጣው «ሆቢት» በተባለው ቀዳሚ ልቦለድ ውስጥ ሆቢቱ ቢልቦና ድዋርፎቹ፣ ማለትም ከመሬት በታች የሚኖሩት አጫጭር ሕዝቦች፣ ወንዙን በተሻገሩበት ዕለት ማታ ትሮሎቹ ዘንድ ይደርሳሉ፤ በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ግን አገሩን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው አራጎርን ከዚያው ወንዝ ድልድይ ተነሥቶ ያንኑ ቦታ ለማግኘት ስድስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፎንስታድ ሁለቱ ሊታረቁ እንደማይችሉ በግልጽ ይጽፋሉ፤ ጊዜ የጠበበው መንገደኛ ድዋርፎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ የደረሱበትን ስፍራ ለመድረስ ያን ሁሉ ቀን ማባከኑ የማይመስል ነገር መሆኑን ያስረዳሉ። ይህ ሐቀኝነት ስለ ሌሎቹ ካርታዎች ያለኝን እምነት ከፍ አድርጎታል፤ የማይገጥመውን አይገጥምም ብሎ የሚናገር ባለሙያ የሚገጥመውን ገጠመ ሲል ይታመናል።

በሪቨንዴል ንባቡ ይቆማል። ፍሮዶና ጓዶቹ እንደገና የሚነሡት ዲሴምበር 25 ቀን ምሽት፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሆነ ቻሌንጁን የያዘ ሰው ሁለት ወር ያህል እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ይህን ጊዜ አትላሱ ራሱ ይሞላዋል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍሎች ስለ አንደኛውና ስለ ሁለተኛው ዘመን ናቸው፤ በባሕር የተዋጠችውን የቤሌሪያንድን ምድር፣ በዚያም የተደረጉትን ጦርነቶችና ስደቶች በተከታታይ ካርታዎች ያሳያሉ። በሪቨንዴሉ ጉባኤ ላይ የቦታው ጌታ ኤልሮንድ ስለ ጥንት ዘመን ሲናገር ብዙ አንባቢ የሚሰለቸው ስሞቹ የሚያርፉበት መሬት ስለሚያጣ ነው። ካርታዎቹን እያዩ ያንን ንግግር ደግሞ ማንበብ የሚሰጠው እርካታ ትልቅ ነው።

በተራራ ሆድ ውስጥ ስለተቆፈረችው የድዋርፎች ከተማ ስለ ሞሪያ ጥቂት ማለት ይገባል። ከጓዶቹ አንዱ የሆነው ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ከምዕራቡ በር እስከ ምሥራቁ በር በቀጥታ መስመር እንኳ ከአርባ ማይል፣ ማለትም ከ64 ኪሎ ሜትር እንደማያንስ ይናገራል። ጓዶቹ ጃንዩዋሪ 13 ማታ ገብተው በ15ኛው ቀን ይወጣሉ። ፎንስታድ ተራራው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ውስጡ የተገለጠ ያህል አድርገው ደረጃዎቹን፣ አዳራሾቹንና ጠባቡን ድልድይ ስለዋል። በሥዕሉ ላይ ካለው ብዙው ግምት ነው፤ ጽሑፉ የሚጠቅሰው ጓዶቹ የረገጡትን ብቻ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያለው የድዋርፎቹ ከተማ በባለሙያዋ ምናብ የተሞላ ነው። ያም ሆኖ ከማዛርቡል ክፍል ተነሥተው ወደ ታች የሮጡበት ደረጃ ምን ያህል እንደሚረዝምና ድልድዩ ከበሩ ምን ያህል እንደሚቀርብ ሲታይ፣ የጋንዳልፍ መውደቅ ከመውጫው ደጃፍ ላይ የደረሰ ጥፋት መሆኑ ልብን ይሰብራል።

ከፌብሩዋሪ 26 በኋላ ጓዶቹ ይበታተናሉ፤ የአትላሱም ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከዚህ ጀምሮ ነው። ቶልኪን የአራጎርንን፣ የሆቢቶቹን የሜሪንና የፒፒንን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ፣ የፍሮዶንና የአገልጋዩን የሳምን ታሪክ በሌላው ለይተው ስለጻፉ፣ በተለመደው ንባብ ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ጊዜ እየተካሄዱ መሆናቸው ይዘነጋል። ፎንስታድ ግን ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱን በተለየ የመስመር ዓይነት አስፍረው፣ ከማደሪያው አጠገብ ቀኑን ይጽፋሉ። ፌብሩዋሪ 29ን ብቻ ማየት ይበቃል። በዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ የሮሃን መንግሥት ፈረሰኞች የጠላት ወታደሮች የሆኑትን ኦርኮች ይደመስሳሉ፣ በኦርኮቹ ተማርከው የነበሩት ሜሪና ፒፒን አምልጠው ዛፍ መሰል ከሆነው ከትሪቢርድ ጋር ይገናኛሉ፣ ፍሮዶና ሳም ከኤሚን ሙይል ገደል ወርደው ቀለበቱን የሚከታተለውን ጎለምን ይይዛሉ፣ ፋራሚርም ከጓዶቹ አንዱ የነበረውን የወንድሙን የቦሮሚርን አስከሬን የያዘችውን ጀልባ ያያል። በልቦለዱ ውስጥ እነዚህ ክንውኖች በብዙ መቶ ገጽ ተራርቀው ይገኛሉ። አራጎርን ከጓዶቹ ከሌጎላስና ከጊምሊ ጋር ደግሞ በዚያች ቀን ገና በሮሃን ሜዳ ላይ እየሮጡ ናቸው፤ በማግሥቱ ያገኛቸው የሮሃን ፈረሰኞች አለቃ ኤኦመር አራተኛው ቀን ሳይሞላ አርባ አምስት ሊግ መሮጣቸውን ሰምቶ ይደነቃል። ይህም 217 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በማግሥቱ የሚለው ቀን በልቦለዱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 ነው። ሌላ አገር ያለ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ የእኛ አንባቢ ግን ምንም አይገርመውም። የሆቢቶቹ ቀን መቁጠሪያ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና ከወራቱ ውጭ የሚቆጠሩ አምስት ቀናት አሉት፤ በየአራት ዓመቱም በአብዛኛው ስድስተኛ ቀን ይጨመርለታል። ልዩነቱ እኛ ቀናቱን ሰብስበን ጳጉሜን ስንል እነርሱ በክረምቱና በበጋው አጋማሽ ላይ ከፋፍለው ማስቀመጣቸው ነው። በዚህ ምክንያት የልቦለዱን ቀናት ወደ ራሳችን አቆጣጠር አዛውሮ ማንበብ ከሚታሰበው በላይ ይቀላል፤ ቡድናችንም የጉዞውን ቀናት በግድግዳ ላይ በሚሰቀል የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፎ ነው የሚከተለው።

አትላሱን ለአዲስ አንባቢ የማልመክርበት ምክንያትም ከዚሁ ከጥንካሬው የሚመጣ ነው። ማርች 25 ቀን፣ በሞርዶር መግቢያ በጥቁሩ በር ፊት ለፊት፣ የሞርዶር ጌታ የሳውሮን መልእክተኛ የፍሮዶን የብር ጥሩር አውጥቶ ለጋንዳልፍና ለአራጎርን ያሳያል። ደራሲው ታሪኩን ለሁለት የከፈሉት፣ አንባቢውም በዚያች ቅጽበት ከእነርሱ ጋር እንዲደነግጥ፣ ፍሮዶ ይሙት ይዳን ሳያውቅ እንዲቀር ነው። አትላሱን የከፈተ ሰው ግን የፍሮዶ መስመር ያንኑ ዕለት ቀለበቱ እስከሚጠፋበት እስከ ዱም ተራራ አፍ ደርሶ ስለሚያይ ድንጋጤው ይቀርበታል። በቀን ልክ ማንበቡም ቢሆን የሁለቱን መጻሕፍት ምዕራፎች እያዘበራረቀ ደራሲው በጥንቃቄ የደበቁትን ይገልጣል። ታሪኩን ለሚያውቅ ይህ ጉዳት አይደለም፤ ለማያውቅ ግን ሁለተኛ የማይገኝ ደስታ ማጣት ነው። ስለዚህ ቡድናችን አዲስ አባላትን ከቻሌንጁ በፊት ልቦለዱን በተጻፈበት ቅደም ተከተል እንዲጨርሱ ይጠይቃል፤ ደንቡ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉት። ካርታዎቹ በጥቁርና በቡናማ ቀለም ብቻ የታተሙ ስለሆኑ መንገድ፣ ወንዝና ድንበር በአንድ ገጽ ላይ ሲደራረቡ በተለይ በምሽት መብራት መለየት ያስቸግራል። ፊደላቱ ደቃቅ ናቸው። በሁለት ገጽ ላይ የተዘረጉት ካርታዎች መካከላቸው በጥራዙ ስፌት ውስጥ ይገባል፤ ለስላሳ ሽፋን ያለውን እትም ደጋግሞ ገልጦ ማስተኛት የለመደ ሰው ብዙም ሳይቆይ ገጾቹ ሲላቀቁ ያያል። መጨረሻ ላይ ያለው የቦታ ስሞች መጠቁም የተመረጡ ስሞችን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራች ጅረት ወይም ኮረብታ ስትፈለግ አንዳንዴ አትገኝም። ፎንስታድ የተራሮቹን አፈጣጠር በሥነ ምድር ሳይንስ ለማብራራት የሚሞክሩባቸው አንቀጾችም ብዙ አላሳመኑኝም፤ ቶልኪን ያንን ዓለም በኃያላን እጅ የተሠራና የፈረሰ አድርገው ስለጻፉት፣ የሞርዶርን ቀጥ ያለ የተራራ ማዕዘን በተፈጥሮ ሂደት ለማስረዳት መድከም ከልቦለዱ መንፈስ ጋር አይሄድም። የአየር ንብረቱ፣ የዕፀዋቱና የቋንቋዎቹ ካርታዎች ለማጣቀሻ ጥሩ ናቸው፤ በቻሌንጁ ወቅት ግን እምብዛም አልገለጥናቸውም። የጦርነት ካርታዎቹ፣ በተለይ የሄልምስ ዲፕና የፔሌኖር ሜዳ፣ ግልጽና አስተማማኝ ናቸው።

ከንባቡ ጎን እግራቸውን ማሠራት ለሚፈልጉም አትላሱ አገልግሎት አለው። በፎንስታድ ስሌት ከሆቢተን እስከ ሪቨንዴል 458፣ ከሪቨንዴል እስከ ሎትሎሪየን 462፣ ከዚያ እስከ ራውሮስ ፏፏቴ 389፣ ከፏፏቴው እስከ ዱም ተራራ 470 ማይል ነው፤ ድምሩ 1,779 ማይል ወይም 2,863 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዓለም ዙሪያ ያሉ አንባቢዎች የየዕለት እርምጃቸውን በእነዚህ ቁጥሮች እየለኩ «ወደ ሞርዶር የሚራመዱት» ከዚህ አትላስ በመነሣት ነው። ከቡድናችን አባላት አንዳንዶቹ ሁለቱን አጣምረው ይዘዋል፤ በእኔ አስተያየት በቀን ልክ እያነበቡ በርቀት ልክ መራመድ ሥራ ላለው ሰው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም መንገደኞቹ በአንዳንድ ቀን የሚሄዱት ርቀት ከቢሮ ውጭ ያለውን ሰዓት ሁሉ ይጨርሳል።

መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካርታውን ለመከተል ግን ስሞቹን ማንበብ መቻል ከሞላ ጎደል ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚገኝ ስላልሆነ ከውጭ ለሚመጣ ሰው አደራ ማለት ወይም በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶችን መጠየቅ የተለመደው መንገድ ነው። አሮጌ ቅጂ የሚገዛ ሰው እትሙ የ1991ዱ ወይም ከዚያ ወዲህ የታተመ መሆኑን ያረጋግጥ። የጉዞ መስመሮቹን የያዙትን ገጾች ለግል መጠቀሚያ በትልቁ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በኮፒው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ የደቃቅ ፊደሉንም የስፌቱንም ችግር ያቃልላል፤ እኛ ከዚያ በኋላ ነው በምቾት የሠራነው።

ፍጻሜውን ከሌሎች ጋር ለማክበር ለሚፈልግ፣ ቀለበቱ የጠፋበት ማርች 25 ቀን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በቶልኪን ማኅበር አነሣሽነት የቶልኪን የንባብ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእኛ መጋቢት 16 ላይ ይውላል። ለታዳጊዎችና ለአዲስ አንባቢዎች የምመክረው ደግሞ ከ«ሆቢት» መጀመር ነው። በአትላሱ ውስጥ ለዚህ ልቦለድ የተመደበው ክፍል አጭር ሲሆን፣ መንገዱ አንድ፣ መንገደኞቹም አብረው የሚሄዱ ስለሆኑ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያጋልጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ የድዋርፎቹ ጉዞ የሚጀምረውም ኤፕሪል ሲያልቅ፣ በእኛ ሚያዝያ 20 ገደማ ስለሆነ ትልቁን ቻሌንጅ በመጋቢት የጨረሰ ቡድን ጥቂት ሳምንታት ዐርፎ ሊቀጥለው ይችላል።